«ዲቴይን» የተሰኘውን የእንግሊዝኛ ግሥ በትክክል ለመጠቀም

በአማርኛ «ታሰረ» የሚለው ቃል ሰፊ ነው። አንድ ሌሊት ጣቢያ ያደረው፣ ክስ ሳይመሠረትበት በጊዜ ቀጠሮ እየተመላለሰ ወራት የቆየው፣ ተፈርዶበት በማረሚያ ቤት ዓመታት የሚያሳልፈው ሁሉ «ታሰረ» ይባላል፤ የትኛው እንደሆነ ሰሚው ከነገሩ አካሄድ ይረዳል። እንግሊዝኛ ግን ይህን ሁሉ በአንድ ግሥ አይሸፍንም። ሰውን መያዝን «አሬስት»፣ ያለ ፍርድ ወይም ከፍርድ በፊት ይዞ ማቆየትን «ዲቴይን»፣ በፍርድ ማሰርን «ኢምፕሪዝን»፣ ከተወሰነ ቦታ እንዳይወጣ ገድቦ ማስቀመጥን «ኮንፋይን» እያለ ይለያል። ይህ መመሪያ የሚያተኩረው በ«ዲቴይን» ላይ ነው። ከአራቱ መካከል ብዙ የሚያሳስተው እርሱ ነው፤ ስሕተቱም በፈተና ወረቀት ላይ ነጥብ በማሳጣት ብቻ አይቆምም፤ በጥገኝነት ማመልከቻ፣ በፍርድ ቤት ትርጉምና በዜና ዘገባ ላይ ሲገባ የሰውን ጉዳይ ሊያበላሽ ይችላል።

ሥሩና ዋና ትርጉሙ

ቃሉ «ዲ፣ ኢ፣ ቲ፣ ኤ፣ አይ፣ ኤን» በሚሉ ስድስት ፊደላት ይጻፋል፤ ሲነገርም የድምፁ ኃይል የሚያርፈው «ቴይን» በሚለው በሁለተኛው ክፍል ላይ ነው። ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል ሲሆን፣ በላቲን «ቴኔሬ» ማለት «መያዝ» ነው። «ኮንቴይን»፣ «ሪቴይን» እና «ሜይንቴይን» የሚሉት ግሦችም ከዚሁ ሥር የወጡ ናቸው፤ የመጀመሪያው በውስጥ መያዝን፣ ሁለተኛው ሳይለቁ ይዞ መቆየትን፣ ሦስተኛው አንድን ነገር በያዙት ሁኔታ ማስቀጠልን ያመለክታል። «ዲቴይን» ደግሞ ሊሄድ የነበረን ይዞ ማስቀረት ነው።

ይህን ሥር ያስተዋለ ሰው በግሡ ውስጥ የጥፋተኝነት ትርጉም እንደሌለ ይረዳል። «ዲቴይን ተደረገ» ሲባል ሰውየው በሌላ ኃይል ተይዞ መሄድ አልቻለም ማለት ብቻ ነው፤ ምን እንዳጠፋ፣ ማጥፋት አለማጥፋቱም ጭምር፣ ግሡ አይናገርም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 1988 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው፣ በማናቸውም ዓይነት እስራት ሥር ያሉ ሰዎችን ለመጠበቅ የወጣው የመርሆዎች ስብስብ፣ ገና ከመግቢያው ቃላቱን ለይቶ ይተረጉማል። በዚያ ትርጓሜ «አሬስት» ማለት ሰውን ወንጀል ሠርቷል ተብሎ ወይም በባለሥልጣን ትእዛዝ የመያዝ ድርጊት ነው። «ዲቴይንድ» የተባለው ሰው ጥፋተኛ ተብሎ ከመፈረድ በቀር በሌላ በማናቸውም ምክንያት ነጻነቱን የተነፈገ ሰው ነው። «ኢምፕሪዝንድ» የተባለው ደግሞ ጥፋተኛ ተብሎ በመፈረዱ ምክንያት ነጻነቱን የተነፈገ ሰው ነው። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር ፍርድ ነው፤ የእስሩ ርዝመት ወይም የክፍሉ ጥበት ድንበሩን አይለውጠውም። አንድ ሰው ስድስት ዓመት ያለ ፍርድ ቢቆይ በዚህ አነጋገር «ዲቴይንድ» ነው፤ ሌላው አንድ ወር ተፈርዶበት ቢታሰር «ኢምፕሪዝንድ» ይባላል።

ይህን ልዩነት የእኛም ሕግ ያውቀዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 17 ሰው ከሕግ ውጭ እንዳይያዝ፣ ክስ ሳይቀርብበት ወይም ሳይፈረድበትም እንዳይታሰር ይደነግጋል። የእንግሊዝኛው ቅጂ «መያዝ» ለሚለው «አሬስት»ን፣ ክስ ሳይቀርብ «መታሰር» ለሚለው «ዲቴይን»ን ይጠቀማል። አንቀጽ 19 የተያዙ ሰዎችን መብት፣ አንቀጽ 20 የተከሰሱ ሰዎችን መብት፣ አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያሉና በፍርድ የታሰሩ ሰዎችን መብት ለየብቻ ማስቀመጣቸውም የዚሁ ልዩነት ውጤት ነው። ተርጓሚ የሆነ ሰው እነዚህን አንቀጾች በሁለቱም ቋንቋዎች ጎን ለጎን ቢያነብ ከብዙ መዝገበ ቃላት የበለጠ ይጠቀማል ብዬ አምናለሁ፤ እዚያ ያለው አማርኛ ሰው ሠራሽ ሳይሆን ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግና ዳኛ በየቀኑ የሚናገሩት ነው።

በዕለት ተዕለት እንግሊዝኛ ግን «ኢምፕሪዝን» ከዚህ ሰፋ ብሎ እንደሚሠራበት ማወቅ ያስፈልጋል። ዐፄ ቴዎድሮስ የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንን አስረው በኋላም መቅደላ ላይ ማቆየታቸውን የሚጽፉ የታሪክ ጸሐፊዎች፣ የፍርድ ሂደት ባይኖርም «ኢምፕሪዝንድ» ይላሉ። በእንግሊዝና በአሜሪካ ሕግም አንድ የሱቅ ጥበቃ ደንበኛን ያለ በቂ ምክንያት ክፍል ውስጥ ቢዘጋበት፣ ደንበኛው የሚከስበት በደል ስም «ፎልስ ኢምፕሪዝንመንት» ነው። ስለዚህ «ኢምፕሪዝን» በታሪክና በልብ ወለድ ጽሑፍ ሲገኝ ሁልጊዜ ፍርድ ነበረ ማለት አይደለም። በማመልከቻ ቅጽ፣ በፍርድ ቤትና በሰብአዊ መብት ሪፖርት ላይ ግን ጠባቡን ትርጉም መያዝ ይሻላል።

የሚጠፋው «ዎዝ»

በአማርኛ ተናጋሪዎች እንግሊዝኛ ውስጥ እጅግ አሳሳቢው ስሕተት የቃል ምርጫ ሳይሆን የሰዋስው ነው። አማርኛ ተደራጊነትን በግሡ መጀመሪያ ላይ በምትገባ «ተ» ያሳያል፤ «አሰረ» እና «ታሰረ» በአንዲት ድምፅ ተለይተው ድርጊቱን ማን በማን ላይ እንደፈጸመ ይናገራሉ። እንግሊዝኛ ይህን የሚያሳየው ከግሡ በፊት «ዎዝ» ወይም «ዌር» የመሰለ ረዳት ግሥ በማስገባት ነው። ረዳት ግሡ ከተረሳ ዓረፍተ ነገሩ ጎደሎ ሆኖ አይቀርም፤ ትርጉሙ ይገለበጣል።

«አባቴ በ1997 ዓ.ም. ታሰረ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እንውሰድ። ትክክለኛው እንግሊዝኛ «ማይ ፋዘር ዎዝ ዲቴይንድ ኢን 2005» ነው። ጸሐፊው «ዎዝ»ን ዘሎ «ማይ ፋዘር ዲቴይንድ ኢን 2005» ብሎ ከጻፈ፣ አንባቢው የሚረዳው አባትየው ሌላ ሰው እንዳሰሩ ነው፤ የታሳሪው ስም ብቻ የተረሳ ይመስለዋል። ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በአሜሪካ የጥገኝነት ሕግ ሌሎችን በማሳደድ የተሳተፈ ሰው ጥገኝነት አያገኝም፤ ስለዚህ «ታሰርኩ» ለማለት ፈልጎ «አይ ዲቴይንድ» ብሎ የጻፈ አመልካች፣ አሳሪ ነበር ወይ የሚል ጥያቄ በራሱ ላይ ይጋብዛል። ጥያቄው በቃለ መጠይቅ ላይ ተነሥቶ በቀላሉ ሊፈታ ይችላል፤ ነገር ግን ደክሞና ፈርቶ የቀረበ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ እንዲመልስ ማድረግ አላስፈላጊ ሥቃይ ነው። ረቂቁን ለማረም ቀላሉ መንገድ «ዲቴይንድ» የሚለው ቃል በተጻፈበት ቦታ ሁሉ ቆም ብሎ «ከፊቱ ዎዝ ወይም ዌር አለ? ከሌለስ የታሰረው ሰው ከግሡ በኋላ ተጽፏል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ከሁለቱ አንዱ መኖር አለበት፤ «ዲቴይን» ተሻጋሪ ግሥ ስለሆነ ያለ ተሳቢ አይቆምም።

ከግሡ ቀጥለው የሚመጡት መስተዋድዶችም የራሳቸው ልማድ አላቸው። ያሰረው አካል በ«ባይ» ይገባል። ቦታው ሲጠቀስ እንደ አውሮፕላን ማረፊያና ኬላ ያለ ስፍራ ከሆነ «አት»፣ ሰው የሚኖርበት ሕንፃ ወይም ክፍል ከሆነ «ኢን» ይመረጣል። «ፎር» ሁለት ሥራ አለው፤ «ፎር ቱ አወርስ» ሲባል ጊዜን፣ «ፎር ክዌስቸኒንግ» ሲባል ምክንያትን ያሳያል። የተጠረጠረበት ወንጀል «ኦን ሰስፒሽን ኦቭ» ከሚለው በኋላ፣ የተያዘበት ሕግ «አንደር» ከሚለው በኋላ ይመጣል። ክስ አለመኖሩ «ዊዝአውት ቻርጅ» በሚለው ይገለጻል፤ ሰውየው የሚጠብቀው ነገር ካለ ደግሞ «ፔንዲንግ» ይገባል፤ «ዲቴይንድ ፔንዲንግ ዲፖርቴሽን» ማለት ወደ አገሩ እስኪመለስ ተይዞ የሚቆይ ማለት ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ በዓረብኛው ስም ተርሂል በሚባሉት ማቆያዎች የቆዩ ወገኖቻችንን ታሪክ በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው ብዙውን ጊዜ ትክክለኛው ሐረግ ይኸው ነው። ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ የተያዙትን «ኢምፕሪዝንድ» ብሎ መጻፍ ያልነበረን ጥፋተኝነት ያስመስላል።

«ወደ» የሚለውን ተከትሎ «ዲቴይንድ ቱ ፕሪዝን» የሚል አጻጻፍ በተደጋጋሚ ይታያል፤ ይህ ስሕተት ነው። ወደ እስር ቤት መላክን የሚገልጸው «ሴንት ቱ ፕሪዝን» ነው። «ቱ»ን የሚወድደው ግሥ «ኮንፋይን» ነው፤ «ኮንፋይንድ ቱ ሂዝ ሃውስ» ማለት ከቤቱ እንዳይወጣ የተደረገ፣ በእኛ አነጋገር በቁም እስር ያለ ማለት ነው።

በቅጽና በቃለ መጠይቅ ላይ

በአሜሪካ ጥገኝነት የሚጠየቅበት ቅጽ አይ-589 ይባላል። በሁለተኛው ክፍል አመልካቹ ወይም የቤተሰቡ አባል ከአሜሪካ ውጭ ባለ በማንኛውም አገር ተወንጅሎ፣ ተከሶ፣ ተይዞ፣ ያለ ፍርድ ቆይቶ፣ ምርመራ ተደርጎበት፣ ጥፋተኛ ተብሎ ተፈርዶበት ወይም በፍርድ ታስሮ ያውቅ እንደሆነ አንድ በአንድ ይጠይቃል። «አሬስትድ»፣ «ዲቴይንድ» እና «ኢምፕሪዝንድ» የሚሉት ሦስቱም በዚያ አንድ ጥያቄ ውስጥ ተሰልፈው ይገኛሉ። ቅጹን ያዘጋጁት ሰዎች ቃላቱን የደረደሩት ለማድመቅ አይደለም፤ እያንዳንዱ የተለየ ነገር ይጠይቃል። አሜሪካዊ ዜግነት ለማግኘት የሚሞላው ቅጽ ኤን-400ም እንዲሁ መያዝንና መቆየትን ለየብቻ ጠርቶ ይጠይቃል።

ችግሩ የሚፈጠረው አንዱ ታሪክ በተለያየ እጅ ሲያልፍ ነው። አመልካቹ በጽሑፉ «ሦስት ወር ታስሬ ተፈታሁ» ይላል፤ የመጀመሪያው ተርጓሚ «ኢምፕሪዝንድ» ይለዋል፤ በቃለ መጠይቁ ቀን ያለው አስተርጓሚ «አሬስትድ» ይለዋል፤ ከአገር ቤት የተላከው የምስክር ደብዳቤ ደግሞ ሲተረጎም «ዲቴይንድ» ይላል። አማርኛው በሦስቱም ቦታ አንድ ነው፤ በእንግሊዝኛው መዝገብ ግን ሦስት የተለያዩ ታሪኮች ይመስላሉ። መዝገቡን የሚያነበው መኮንን «ተፈርዶብህ ነበር? በየትኛው ፍርድ ቤት? ስንት ዓመት?» ብሎ ቢጠይቅና አመልካቹ «ፍርድ ቤት ቀርቤ አላውቅም» ቢል፣ እውነተኛው ሰው ቃሉን የለወጠ ሊመስል ይችላል። በጥገኝነት ጉዳይ የቃል ወጥነት ምን ያህል እንደሚመዘን ለሚያውቅ ሰው ይህ ልብ የሚሰብር ነገር ነው፤ ሰውየው አልዋሸም፣ ተርጓሚዎቹም ክፉ አላሰቡም፣ ነገር ግን አንድ ግሥ በጥንቃቄ ባለመመረጡ እውነቱ ተጠራጣሪ አገኘ።

መድኃኒቱ ከቃሉ በፊት ድርጊቱን መዘርዘር ነው። አመልካቹ «ታሰርኩ» ብሎ ከማቆም ይልቅ ማን እንደያዘው፣ የት እንደወሰደው፣ ስንት ቀን እንዳቆየው፣ ክስ ተነቦለት እንደሆነ፣ ዳኛ ፊት ቀርቦ እንደሆነና እንዴት እንደወጣ በአማርኛ ይጻፍ ወይም ይናገር። «ሁለት ሲቪል የለበሱ ሰዎች ከቤቴ ወሰዱኝ፣ በፖሊስ ጣቢያ ሦስት ወር ቆየሁ፣ ክስ አልተመሠረተብኝም፣ በዋስ ተለቀቅሁ» ብሎ ለሚናገር ሰው የሚሳሳት አስተርጓሚ ማግኘት ከባድ ነው፤ እውነታዎቹ ራሳቸው «አሬስትድ»ን ለመወሰዱ፣ «ዲቴይንድ ፎር ስሪ ማንዝስ ዊዝአውት ቻርጅ»ን ለቆይታው ይጠራሉ። «ተይዤ ጥቂት ሰዓት ከጠየቁኝ በኋላ ለቀቁኝ» ለሚለው «ብሪፍሊ ዲቴይንድ» ይበቃል። «አምስት ዓመት ተፈርዶብኝ ሁለቱን ጨርሼ በይቅርታ ወጣሁ» ለሚለው «ኢምፕሪዝንድ» ተገቢ ነው፤ ከፍርዱ በፊት የነበረው ጊዜ ግን አሁንም «ዲቴይንድ» መሆኑ አይረሳ። አንድ ሰው በአንድ ጉዳይ ሦስቱንም ደረጃዎች ሊያልፍ ይችላልና፣ ሦስቱም ግሦች በተራቸው በአንድ አንቀጽ ውስጥ መገኘታቸው ስሕተት አይደለም።

በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት አስተርጓሚውን የሚያቀርበው ፍርድ ቤቱ ነው፤ በጥገኝነት ቢሮ ቃለ መጠይቅ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ አመልካቹ ራሱ ይዞ ይቀርባል። በዚህ ምክንያት ብዙ ጊዜ የሚያስተረጉመው እንግሊዝኛ የሚያውቅ ዘመድ ወይም የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ወዳጅ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከቃለ መጠይቁ በፊት የተጻፈውን ማመልከቻ አንብቦ፣ በየቦታው የትኛው ግሥ እንደገባ አይቶ ቢሄድ መልካም ነው። ይህ ታሪክን ማጥናትና ማስጠናት አይደለም፤ ለአንድ ድርጊት አንድ ስም ይዞ መገኘት ነው። በጽሑፉ ውስጥ ስሕተት ያገኘ እንደሆነ በራሱ ሥልጣን ሳያርም ለአመልካቹና ለጠበቃው ይንገር።

ፖሊስ ሲያስቆም

ግሡ በአሜሪካ መንገድ ላይና በእንግሊዝ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ አንድ ዓይነት ቦታ እንደማይይዝ ብዙ ሰው አያስተውልም። በአሜሪካ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1968 እ.ኤ.አ. የቴሪ እና የኦሃዮ ውሳኔ ፖሊስ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ሲኖረው ሰውን ለአጭር ጊዜ አስቁሞ እንዲጠይቅ ፈቅዷል። ይህ ማስቆም «ዲቴንሽን» ይባላል እንጂ ገና «አሬስት» አይደለም፤ ለ«አሬስት» ከዚያ የጠነከረ ምክንያት ይፈለጋል። ስለዚህ በአሜሪካ ጎዳና ላይ «ዲቴይን» ከ«አሬስት» ይቀድማል፣ ይቀልላልም። የመብት አስተማሪዎች «አም አይ ቢይንግ ዲቴይንድ፣ ኦር አም አይ ፍሪ ቱ ጎ?» የሚለውን ጥያቄ በትሕትና እንዲጠይቁ የሚመክሩትም ለዚህ ነው፤ ትርጉሙ «ይዘውኛል ወይስ መሄድ እችላለሁ?» ማለት ነው። መልሱ «ፍሪ ቱ ጎ» ከሆነ ሰውየው ረጋ ብሎ መሄድ ይችላል፤ «ዲቴይንድ» ከሆነ ይቆያል፣ ነገር ግን ታሰረ ማለት አይደለም።

በእንግሊዝና በዌልስ ደግሞ በ1984 እ.ኤ.አ. በወጣው የፖሊስና የወንጀል ማስረጃ ሕግ ውስጥ ቃሉ በብዛት የሚገኘው ከ«አሬስት» በኋላ ነው። ተጠርጣሪው መጀመሪያ ይያዛል፣ ጣቢያ ይደርሳል፣ ከዚያ ያለ ክስ የሚቆይበት ጊዜ «ዲቴንሽን» ይባላል፤ ይህም በመደበኛው 24 ሰዓት ሲሆን ለከባድ ወንጀል በፍርድ ቤት ፈቃድ እስከ 96 ሰዓት ሊራዘም ይችላል። ለፍተሻ መንገድ ላይ ማስቆምም እዚያ «ዲቴይን» ይባላልና፣ ተርጓሚው የትኛው እንደሆነ ከቦታውና ከሰዓቱ መለየት አለበት። በኢትዮጵያ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ሕገ መንግሥቱ ያዛል፤ ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ በዚህ አይቆጠርም። ከዚያ በኋላ በጊዜ ቀጠሮ የሚቆየውን ሰው ለመግለጽ «ሪማንድ» የሚለው ቃል ከ«ዲቴይን» ጋር ይሄዳል።

እንግሊዝ ውስጥ ቃሉ የሚሠራበት ሌላም ቦታ አለ። በ1983 እ.ኤ.አ. በወጣው የአእምሮ ጤና ሕግ ክፍል ሁለት መሠረት ታማሚ ለምርመራ እስከ 28 ቀን ሆስፒታል ውስጥ ሊቆይ ይችላል፤ ሐኪሞችም «ዲቴይንድ» ይላሉ። ይህን ለቤተሰብ የሚያስተረጉም ሰው «ታስሯል» ቢል ትልቅ በደል ይፈጽማል። «ለሕክምና ሲባል በሕግ ሆስፒታል እንዲቆይ ተደርጓል» ማለት ይገባል።

ስሞቹ

ከግሡ የሚወጡት ስሞች አጻጻፋቸው ያታልላል። «ዲቴንሽን» ሲሆን በመካከል ያለችው «ኤ፣ አይ» ወድቃ በ«ኢ» ትተካለች። ተይዞ የሚቆየው ሰው «ዲቴይኒ» ነው፤ የድምፁ ኃይል በመጨረሻው «ኒ» ላይ ያርፋል። «ዲቴይነር» ግን በአሜሪካ ኢሚግሬሽን አነጋገር አሳሪውን ሰው አይደለም የሚያመለክተው፤ የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ቢሮ ለአካባቢ እስር ቤት የሚልከው፣ አንድን ሰው ከመፈቻው ጊዜ በኋላ እስከ 48 ሰዓት ድረስ እንዲያቆይለት የሚጠይቅ ወረቀት ነው። ዘመዱ «ኢሚግሬሽን ዲቴይነር አለበት» የተባለ ቤተሰብ ሰውየው በዋስ ቢፈታ እንኳ ለሌላ አካል ተላልፎ ሊሰጥ እንደሚችል አውቆ፣ የዋስትናውን ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ጠበቃ ያማክር። ጠበቃ መቅጠር ደግሞ «ሪቴይን» ነው፤ በአንድ ፊደል ልዩነት የሚምታታ ስለሆነ በደብዳቤ ላይ ሁለት ጊዜ ማየት ያስፈልጋል።

ስም መምረጥ ፖለቲካም አለበት። የአሜሪካ መንግሥት ከጥር 2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጓንታናሞ ያስገባቸውን ወደ 780 የሚጠጉ ሰዎች «ዲቴይኒ» እያለ ሲጠራ «የጦር እስረኛ» የሚለውን ስም ሆን ብሎ ሸሽቷል፤ የጦር እስረኛ በጄኔቫ ስምምነት የታወቁ መብቶች አሉትና። ከዚያ በፊትም በ1942 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ባወጡት ትእዛዝ ወደ 120,000 የሚጠጉ የጃፓን ዝርያ ያላቸው ሰዎች፣ አብዛኞቹ የአሜሪካ ዜጎች፣ በካምፕ ሲከማቹ የተጠቀሙባቸው ቃላት እጅግ ለስላሳ ነበሩ። ስለዚህ ጋዜጠኛ «ዲቴይንድ» የሚለውን ከመግለጫ ገልብጦ ከመጻፉ በፊት ሰዎቹ የት እንዳሉ፣ ክስ ቀርቦባቸው እንደሆነ ይጠይቅ። ቃሉ በሕግ ትክክል ሆኖ ሳለ ጭካኔን ሊሸፍን ይችላል። ንጉሠ ነገሥት ኀይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ከወረዱ በኋላ በዚያው ዓመት ነሐሴ ውስጥ እስኪሞቱ ድረስ ለፍርድ አልቀረቡም፤ በእንግሊዝኛ «ዲቴይንድ» ማለት ለርሳቸው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ጸሐፊው ያለ ፍርድ መቆየታቸውንና እዚያው መሞታቸውን ካልጨመረበት ግሡ ብቻውን ለአንባቢው ጥቂት ነው የሚነግረው። ፍቼ፣ በኋላም ጋራ ሙለታ እንዲቀመጡ ለተደረጉት ልጅ ኢያሱ ደግሞ «ኮንፋይንድ» የሚለው ይበልጥ ይስማማል፤ ነገሩ ለዓመታት በአንድ ስፍራ መገደብ ነበርና። በእስር ቤት ውስጥ ሰውን ብቻውን መዝጋትም «ሶሊተሪ ኮንፋይንመንት» ነው፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የጸደቁት የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች በቀን 22 ሰዓትና ከዚያ በላይ ያለ በቂ የሰው ግንኙነት መዘጋት ብለው ይተረጉሙታል፣ ከ15 ተከታታይ ቀን በላይ እንዲሆንም አይፈቅዱም።

እስር የማይሆንበት ጊዜ

«ዲቴይን» ሁልጊዜ አያስደነግጥም። በትሕትና በተጻፈ ደብዳቤ «አይ ዎዝ ዲቴይንድ አት ዘ ኦፊስ» ማለት ሥራ አቆየኝ፣ ስለዚህ ዘገየሁ ማለት ነው። «አይ ዎንት ዲቴይን ዩ ኤኒ ሎንገር» ደግሞ «ከዚህ በላይ አላቆይዎትም» የሚል የስንብት ቃል ነው። ይህ አነጋገር ከበድ ያለ ስለሆነ ለጓደኛ በሚላክ መልእክት ላይ «ዲሌይድ» ወይም «ኬፕት» ማለት ይቀላል።

በጅቡቲ በኩል ዕቃ የሚያስገቡ ነጋዴዎች ከዲመሬጅ ጎን «ዲቴንሽን» የሚል ክፍያ በደረሰኝ ላይ ያያሉ። ዲመሬጅ ኮንቴይነሩ ወደብ ውስጥ ከነጻ ቀኑ በላይ ለቆየበት፣ ዲቴንሽን ደግሞ ከወደብ ወጥቶ ባዶው ለመርከብ ድርጅቱ ሳይመለስ ለዘገየበት የሚከፈል ነው። ሁለቱን ለይቶ ያላወቀ አስመጪ የትኛውን ቀን መከራከር እንዳለበት ይስታል።

በውጭ አገር የሚኖሩ ወላጆች ብዙ የሚጠይቁት ግን ከትምህርት ቤት ስለሚመጣው ወረቀት ነው። «ዩር ቻይልድ ሃዝ ቢን ጊቭን ኤ ዲቴንሽን» የሚል ማስታወሻ ልጁ በፖሊስ ተያዘ ማለት አይደለም፤ አርፍዶ በመምጣቱ፣ የቤት ሥራ ባለመሥራቱ ወይም ክፍል በመረበሹ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ወይም በምሳ ሰዓት በአስተማሪ ጥበቃ ሥር እንዲቆይ ተወስኗል ማለት ነው። ለጥቂት ቀናት ከትምህርት ቤት የሚያስቀረው ቅጣት «ሰስፔንሽን»፣ ጨርሶ የሚያስወጣው «ኤክስፐልሽን» ይባላል፤ እነዚህ ከዲቴንሽን የከበዱ ናቸው። ወረቀቱ የደረሰው ወላጅ ከሁሉ በፊት ቀኑንና ሰዓቱን ያንብብ፤ ልጁ በትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚመለስ ከሆነ አውቶቡሱ ሊያመልጠው ስለሚችል፣ በዚያ ቀን ማን እንደሚወስደው አስቀድሞ ከትምህርት ቤቱ ጋር ይነጋገር።